አውግስጢኖስ፦ ለአዲስ አማኞች ቃሉን በምሳሌ የፈታ መምህር

በ400 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አፍሪካ በምትገኘው በካርቴጅ ከተማ ዴዎግራቲያስ የሚባል ዲያቆን ነበር። አገልግሎቱ ክርስቲያን ለመሆን የሚመጡትን ሰዎች ተቀብሎ የመጀመሪያውን ትምህርት መስጠት ነው። ጥሩ አስተማሪ ነው እየተባለ ብዙዎች ወደ እርሱ ይላኩ ነበር። እርሱ ግን በልቡ ተጨንቋል። ትምህርቱን ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያቆም አያውቅም። ያንኑ ነገር ደጋግሞ ከማስተማሩ የተነሣ የገዛ ንግግሩ ራሱን ይሰለቸዋል። አስተማሪው ከሰለቸው ደግሞ ሰሚው ምን ሊሆን ነው? በመጨረሻም በሂፖ ከተማ ለሚኖር አንድ ጳጳስ ምክር እንዲሰጠው ጻፈለት።

ያ ጳጳስ አውግስጢኖስ ነበር። የላከለት መልስ ከደብዳቤ አልፎ ትንሽ መጽሐፍ የሚያህል ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል። አውግስጢኖስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስለ ጸጋ ያስተማረውን ትምህርት ወይም የእናቱን የሞኒካን እንባና ጸሎት ነው። ለአዲስ አማኞች መጽሐፍ ቅዱስን ለማስረዳት የደከመውን ድካም ግን ብዙ አናወራለትም። ይህ ድካም ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ወጣትነቱ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ታላቅ መምህር መጽሐፍ ቅዱስን ከፍቶ ያልገባው፣ ያልገባው ብቻ ሳይሆን የናቀው ሰው ነበርና።

መጽሐፉን የናቀ ወጣት

አውግስጢኖስ ኖቬምበር 13 ቀን 354 በታጋስቴ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በአልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ ትባላለች። አባቱ ፓትሪኪዮስ በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ እስኪያምን ድረስ ክርስቲያን አልነበረም፤ እናቱ ሞኒካ ግን ጌታን የምትወድ ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ልማድ ሕፃኑ በመስቀል ምልክትና በጨው ለክርስትና ታጨ እንጂ አልተጠመቀም። ትምህርት ሲጀምር አእምሮው ፈጣን ሆነ። የአባቱ አቅም ባይበቃም የከተማው ባለጸጋ ሮማኒያኖስ ረዳውና በ371 ገደማ የንግግር ጥበብ ሊማር ወደ ካርቴጅ ሄደ። በዚያም ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ መኖር ጀመረ፤ አዴዎዳቱስ የሚባል ልጅም ወለዱ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ለትምህርት የተሰጠውን የሲሴሮን መጽሐፍ አነበበ። መጽሐፉ ጥበብን ፈልጉ እያለ የሚመክር ነበር። የወጣቱ ልብ ነደደ። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር አጣ፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው የክርስቶስ ስም የለበትም። ስለዚህ ቅዱሳት መጻሕፍትን ገለጠ።

ጠላቸው። በእጁ የነበረው ጥንታዊ የላቲን ትርጉም ነው፤ ቋንቋው ሻካራ ሆነበት። የሲሴሮን ውብ አነጋገር ለለመደ ጆሮ የእረኞችና የዓሣ አጥማጆች ታሪክ ምን ይጥማል? ከብዙ ዓመት በኋላ ኑዛዜ በሚባለው መጽሐፉ ወደዚህ ጊዜ ተመልሶ ራሱን ይወቅሳል። መጽሐፍ ቅዱስ መግቢያው ዝቅ ያለ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን እየረዘመና እየሰፋ የሚሄድ ቤት ሆኖ ታየው። እርሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለመግባት ፈቃደኛ አልነበረም።

መጽሐፉን ዘግቶ ባዶ እጁን የሄደውን ወጣት ሌሎች ተቀበሉት። እነዚህ በሦስተኛው መቶ ዘመን በፋርስ ምድር የተነሣውን ማኒን የሚከተሉ ሰዎች ናቸው። ክርስቲያኖችን በጥያቄ ማፋጠጥ ያውቁበት ነበር። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ከተፈጠረ እግዚአብሔር ፀጉርና ጥፍር አለው ማለት ነው? ብዙ ሚስቶች ያገቡት አባቶች እንዴት ጻድቃን ተባሉ? ሰው የገደሉት፣ የከብት መሥዋዕት ያቀረቡት ሰዎች እንዴት ቅዱሳን ይሆናሉ? አውግስጢኖስ መልስ አልነበረውም። ሞኒካ እያለቀሰች ልጇ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቆየ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ጌታን የተቀበለ አዲስ አማኝ የዮሐንስን ወንጌል እንዲያነብ ይነገረዋል፤ መልካም ነው። አንድ ቀን ግን ብቻውን ሆኖ ዘሌዋውያንን ወይም የኢያሱን ጦርነቶች ይገልጣል፤ አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው የለም። ጥያቄውን ቤተ ክርስቲያን ካልመለሰችለት ሌላ የሚመልስለት አይጠፋም።

የሚላኖው ስብከት

አውግስጢኖስ በማኒ ተከታዮች መሪዎች ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በ383 ወደ ሮም፣ በ384 ደግሞ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ወደ ሚላኖ ሄደ። የሚላኖ ጳጳስ አምብሮስዮስ በስብከቱ የታወቀ ነበር። አውግስጢኖስም ሊሰማው ሄደ፤ የሄደው ግን እንደ ሙያ ባልደረባ አነጋገሩን ሊመዝን እንጂ ሊማር አልነበረም። ሆኖም ውብ ሆኖ ለቀረበው ቃል የተከፈተው ጆሮ፣ በቃሉ ውስጥ ለነበረው እውነትም ሳያስበው በር ሆነለት።

አምብሮስዮስ ግሪክኛ የሚያነብ ሰው ስለ ነበር የእስክንድርያዎቹን የፊሎንንና የኦሪጀንን መጻሕፍት አጥንቷል። እነዚህ ሰዎች ብሉይ ኪዳንን የሚያነቡት ከታሪኩ በስተ ጀርባ ያለውን መንፈሳዊ ነገር እየፈለጉ ነው። ጳጳሱም 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥6ን ደጋግሞ እየጠቀሰ፣ እንደ ፊደሉ ብቻ ሲነበብ ስሕተት የሚያስተምር የሚመስለውን ክፍል መጋረጃውን ገልጦ ያሳይ ነበር። አውግስጢኖስ ለዓመታት ሲያፌዝባቸው የነበሩት ታሪኮች አንድ በአንድ ሌላ ገጽ አሳዩት። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ማለት እግዚአብሔር የሥጋ አካል አለው ማለት እንዳልሆነ፣ ክርስቲያኖችም እንዲህ ብለው እንደማያምኑ ሲረዳ አፈረ። ያን ሁሉ ዘመን የጮኸው ራሱ በፈጠረው ሐሳብ ላይ ነበር።

ይሁንና የምሳሌ ትርጓሜ አውግስጢኖስን አላዳነውም። መሰናክሉን ከመንገዱ አነሣለት እንጂ ልቡን አልለወጠውም፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል ከኃጢአቱ ጋር ሲታገል ቆይቷል። በ386 በሚላኖ በአንድ አትክልት ስፍራ እያለቀሰ ሳለ የሕፃን ድምፅ አንሥቶ እንዲያነብ ሲጠራው ሰማ፤ የጳውሎስንም መልእክት ገለጠ። ዓይኑ ያረፈበት ሮሜ 13፥13-14 ነበር። በዚህ ጥቅስ ውስጥ የሚፈታ ምሥጢር የለም። ግልጽና ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ በሩን የከፈተለት ምሳሌ ነው፣ ያስገባው ግን ግልጹ ቃል ነው። አውግስጢኖስ በኋላ ያስተማረው ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ካመነ በኋላ ምን እንዲያነብ ለአምብሮስዮስ ጽፎ ጠየቀው። አምብሮስዮስ ትንቢተ ኢሳይያስን አንብብ አለው። አውግስጢኖስም ጀመረ፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን አልገባውም! በጌታ አነጋገር ይበልጥ ሲለማመድ ሊመለስበት አስቦ አስቀመጠው። የዘመኑ ምርጥ የንግግር መምህር በአዲስ አማኝነቱ ኢሳይያስን መግፋት አቃተው። ይህን ያልሸሸገው ራሱ በመጽሐፉ ስለ ጻፈው ነው፤ እኔም ለአዲስ አማኝ የንባብ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

በ387 በፋሲካ ሌሊት ከልጁ ከአዴዎዳቱስና ከጓደኛው ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። አምብሮስዮስ አዲስ ለተጠመቁት ስለ ጥምቀት የሰጠው ትምህርት እስከ እኛ ደርሷል። በዚያ ትምህርት የኖኅ የጥፋት ውኃ፣ ቀይ ባሕርና በዮርዳኖስ የታጠበው ንዕማን ለጥምቀት ጥላ ሆነው ይቀርባሉ። ሰዎቹ በውኃው ካለፉ በኋላ ውኃው ምን እንደ ነበረ ይነገራቸዋል።

በዚያው ዓመት ወደ አፍሪካ ሊመለሱ ሲሉ ሞኒካ በኦስቲያ ወደብ አረፈች። አውግስጢኖስ በ388 አገሩ ገባ። ከልጁ ጋር ቃላትና ምልክቶች እንዴት እንደሚያስተምሩ የተነጋገሩበትን መጽሐፍ አዘጋጀ፤ የመጽሐፉ መደምደሚያ ቃላት የሚጠቁሙ ብቻ እንደ ሆኑና በልብ ውስጥ የሚያስተምረው ክርስቶስ ራሱ እንደ ሆነ ነው። አዴዎዳቱስ ግን በወጣትነቱ ሞተ። በ391 አውግስጢኖስ ሂፖን ሊጎበኝ በሄደበት ሕዝቡ ያዘውና እያለቀሰ ቅስና ተቀበለ። ወዲያው ለጳጳሱ ለቫሌሪዮስ ጽፎ የለመነው ነገር መጽሐፍ ቅዱስን የሚያጠናበት ጊዜ እንዲሰጠው ነበር። በ395 ወይም በ396 ጳጳስ ሆኖ ተሾመ።

ለዴዎግራቲያስ የተላከው መልስ

እንግዲህ የደከመው ዲያቆን የጻፈው ለእንዲህ ያለ ሰው ነበር። በአማርኛችን ምሳሌ የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል፤ ጌታ የተናገራቸውን ታሪኮችም፣ የሰሎሞንን መጽሐፍም፣ ነገር ለማስረዳት የምናነሣውን ማነጻጸሪያም፣ በብሉይ ኪዳን ለክርስቶስ ጥላ የሆነውንም ሁሉ በዚሁ ቃል እንጠራለን። በአውግስጢኖስ መልስ ውስጥ ማነጻጸሪያውም ጥላውም አሉ።

በመጀመሪያ ለአዲሱ ሰው ከፍጥረት ጀምሮ እስከ ዛሬይቱ ቤተ ክርስቲያን ያለው ታሪክ እንዲነገረው ይመክራል። ሁሉንም ምዕራፍ መተረክ ግን አያስፈልግም። ዋና ዋናዎቹን ድንቅ ሥራዎች መርጦ፣ ጥቅልል ብራናን ቀስ ብሎ እንደሚዘረጋ ሰው፣ ሰሚው እስኪያያቸው ድረስ በእነርሱ ላይ መቆየት፤ ሌላውን ጠቅለል አድርጎ ማለፍ። የታሪኩ ሁሉ መዳረሻም አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ሰውን ምን ያህል እንደ ወደደ ማሳየትና ሰውም በምላሹ እግዚአብሔርንና ባልንጀራውን እንዲወድ ማድረግ።

ብሉይ ኪዳን ለአዲሱ ሰው ምን ይፈይዳል? አውግስጢኖስ የመለሰው በያዕቆብ ልደት ነው። ያዕቆብ ሲወለድ እጁ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ አስቀድሞ ወጣ (ዘፍጥረት 25፥26)፤ ራሱ ቀጥሎ መጣ። እጁ ከራሱ ቀድሞ ቢታይም የሚበልጠው ራስ ነው፤ እጁም የዚያው አካል ክፍል ነው። አባቶችና ነቢያትም ከክርስቶስ በፊት ቢወለዱም ራስ የሆነው የእርሱ አካል ናቸው። አንድ ያልተማረ ሰው ይህን አንዴ ከሰማ አብርሃምና ሙሴ ከወንጌል ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ዳግመኛ አይጠፋውም። አውግስጢኖስ ነገረ ክርስቶስን በአንድ የአራስ ቤት ሥዕል አስቀመጠው።

ዴዎግራቲያስ እንዲጠቀምበትም ሁለት የማስተማሪያ ንግግሮች፣ አንድ ረጅምና አንድ አጭር፣ ጽፎ ላከለት። በረጅሙ ንግግር ውስጥ ኖኅ የዳነበት የመርከብ እንጨት የመስቀሉን እንጨት ያመለክታል። በግብፅ በበሮች መቃን ላይ የተቀባው የበጉ ደም የክርስቶስን መከራ፣ ቀይ ባሕር ጥምቀትን ያሳያል። ከፋሲካ በኋላ በሃምሳኛው ቀን በእግዚአብሔር ጣት የተጻፈ ሕግ ተሰጠ፤ ከጌታ ትንሣኤ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ደግሞ መንፈስ ቅዱስ ወረደ። ይህን አነባበብ አውግስጢኖስ ከራሱ አላመጣውም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፣ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3፣ ጌታም ራሱ በምድረ በዳ ስለ ተሰቀለው እባብ ሲናገር (ዮሐንስ 3፥14) መንገዱን አሳይተዋል።

የደብዳቤው ልብ የሚነካው ክፍል ግን ስለ መሰልቸት የጻፈው ነው። አውግስጢኖስ በመጀመሪያ እኔንም ይሰለቸኛል ብሎ ይጀምራል ማለት ይቻላል። በአእምሮው ውስጥ ሐሳቡ እንደ መብረቅ ብልጭ ይላል፤ ምላሱ ግን እየጎተተ ከኋላ ይመጣል፤ የራሱ ንግግር ሁልጊዜ ደስ አያሰኘውም። መድኃኒቱን የፈለገው ከፊልጵስዩስ 2 ነው፤ ክርስቶስ ራሱን ባዶ አድርጎ ወደ እኛ ወርዷልና አስተማሪ ወደ ጀማሪው መውረድ እንዴት ይከብደዋል? አባት ከሕፃን ልጁ ጋር ኮልታፋ ቃል ሲያወራ ደስ ይለዋል። እናት ትልቁን ምግብ ለራሷ ከመብላት ይልቅ ትንሹን አላምጣ በልጇ አፍ ስታደርግ ትደሰታለች። ዶሮም ክንፎቿን ዘርግታ ጫጩቶቿን ታቅፋለች። ጉርሻ ለምናውቅ ለእኛ የእናቲቱ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደጋግሞ ማስተማር የሚያደክመውን ሰው ደግሞ ወደ ከተማ ያወጣዋል። በየቀኑ የምናልፍባቸውን ያማሩ ሥፍራዎች ልብ ሳንላቸው እናልፋለን። ከሩቅ የመጣ ወዳጅ ይዘን ስናሳየው ግን በእርሱ መደነቅ የእኛም ደስታ ይታደሳል። ወዳጅነቱ በጠነከረ መጠንም ደስታው ይጨምራል። አዲስ አማኝን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይዞ መዞር እንዲህ ነው፤ አስተማሪው ሰሚውን ከወደደው የለመደው ታሪክ እንደ ገና አዲስ ይሆንለታል።

ትንንሽ ምክሮችም አልቀሩም። ሰሚው ሲያዛጋ የሚያነቃቃ ነገር ተናገር። ቆሞ የደከመው ከሆነ ወንበር ስጠው፤ በባሕር ማዶ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሕዝቡ ተቀምጦ ይሰማል። ገብቶት እንደ ሆነ በየዋህነት ጠይቀው። በሕልም ወይም በአንድ ምልክት ተነክቶ ለሚመጣውም ደስ ይበልህ፣ ከዚያው ጀምርለት፤ ነገር ግን ልቡን ከሕልሙ አንሥተህ ጽኑ በሆነው በመጽሐፍ ቅዱስ መንገድ ላይ አቁመው። (ይህ ምክር የተጻፈው ከ1600 ዓመት በፊት ነው ቢባል ማን ያምናል?) ምንም ቢያደርጉለት የማይገባው ሰው ካጋጠመ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ለእርሱ ብዙ ከመናገር ስለ እርሱ ለእግዚአብሔር ብዙ መናገር ይሻላል።

ለምሳሌ የተበጀ ልጓም

አውግስጢኖስ የምሳሌን ኃይል ከማንም በላይ ስላየ አደጋውንም ያውቅ ነበር። በ396 ገደማ ጀምሮ ሳይጨርሰው ያስቀመጠው፣ በ426 ወይም በ427 ግን የፈጸመው የክርስትና ትምህርት የሚባለው መጽሐፉ ለዚህ የተሠራ ልጓም ነው ማለት ይቻላል። ጭስ እሳትን፣ ኮቴ ያለፈውን እንስሳ እንደሚያመለክት፣ ቃላትና ነገሮችም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ይነሣል። ምልክቱን ለመረዳት ነገሩን ማወቅ ይጠይቃል። ጌታ እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ ሲል እባብ ሰውነቱን ለምት አሳልፎ ራሱን እንደሚከላከል የሚያውቅ ሰው፣ ሥጋችን ቢጎዳ እንኳ ራሳችን የሆነውን ክርስቶስን አለመካድን ይማራል። አንድ ነገርም በየቦታው አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። አንበሳ በአንድ ስፍራ ክርስቶስን፣ በሌላው ዲያብሎስን ያሳያል።

ታዲያ የትኛው ቃል እንደ ፊደሉ፣ የትኛው እንደ ምሳሌ ይወሰድ? መለኪያው ፍቅርና እምነት ነው። እንደ ፊደሉ ሲወሰድ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ባልንጀራ ፍቅር ወይም ወደ እምነት እውነት የማያደርስ ቃል በምሳሌ የተነገረ ነው። ለዴዎግራቲያስም አዲሱ ሰው ይህንኑ ተምሮ እንዲሄድ ነግሮታል። ሁለተኛው ልጓም ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው። በጨለማው ክፍል የሚገኝ ትምህርት በሌላ ቦታ በግልጽ ያልተነገረ ማለት ይቻላል የለም፤ ስለዚህ ድብቁ በግልጹ ይፈታ። ትርጉሙን ቢስትም ወደ ፍቅር የደረሰ ሰው ከመንገድ ወጥቶ በእርሻ መካከል ተሻግሮ እዚያው ከተማ እንደሚገባ መንገደኛ ነው። ያም ሆኖ ከመንገድ መውጣት ልማድ ሆኖበት አንድ ቀን ወደ ገደል እንዳይሄድ መታረም አለበት።

ለተራው ሰው መራራቱ በአንዲት ቃልም ይታያል። በመዝሙር 139፥15 ያለው አጥንት የሚለው የላቲን ቃል ሲጻፍ አፍ ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ የሚለዩት በድምፅ መርዘምና ማጠር ብቻ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ ጆሮ ይህን አይለይም። አውግስጢኖስ ሕዝቡ ከሚሳሳት የሰዋስው ሊቃውንት ቢስቁበት መረጠና ያልተማረው ሰው የሚናገረውን ቃል መጠቀምን ፈቀደ።

ራሱ ሁልጊዜ በልጓሙ ሄዷል ወይ? አልሄደም። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲፈታ የወደቀው ሰው አዳም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ የቤቱ ጠባቂ ጳውሎስ፣ ሁለቱ ዲናር ሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት ይሆናሉ። ያምራል፤ ሐሳቡም ወንጌል ነው። ነገር ግን ጌታ ታሪኩን የተናገረው ባልንጀራዬ ማን ነው ለሚል ጠያቂ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ አንዳንዶች ሰውየው የተተወው በሞትና በሕይወት መካከል ነውና የሰው ፈቃድም ሙሉ በሙሉ አልሞተም ብለው ከዚሁ አተረጓጎም ተከራከሩ። ጆን ካልቪን ለእነርሱ ሲመልስ ትምህርተ ሃይማኖት በእንዲህ ያለ ትርጓሜ ላይ ሊመሠረት አይችልም አለ። የሚገርመው ካልቪን በጸጋ ትምህርት አብዝቶ የተደገፈው በአውግስጢኖስ ላይ መሆኑ ነው።

ከዚህ የከበደም አለ። በዘመኑ ዶናቲስቶች የሚባሉ ክርስቲያኖች እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን በአፍሪካ ያለችው የእነርሱ ብቻ ናት ይሉ ነበር። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ መኃልየ መኃልይ 1፥7 ነበር፤ እረኛው በቀትር የሚያሳርፍበት ስፍራ ሲባል፣ ቀትር የሚለው የላቲን ቃል ደቡብ ማለትም ስለሚሆን፣ አፍሪካ ናት አሉ። አውግስጢኖስ በ408 ገደማ ለአንድ የእነርሱ ጳጳስ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አፈረሰ፤ ግልጽ ምስክር ከሌለ በቀር ምሳሌን ለራስ ወገን አድርጎ መተርጎም ድፍረት ነው አለ። ትክክል ብሏል። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ስለ ታላቁ እራት ከተነገረው ምሳሌ እንዲገቡ ግድ በላቸው የሚለውን (ሉቃስ 14፥23) ወስዶ፣ የሮም መንግሥት ዶናቲስቶችን በሕግ ማስገደዱን ደገፈበት። ቀድሞ ይህን የሚቃወም ሰው ነበር። የገዛ ከተማው የታጋስቴ ሰዎች ሕጉን ፈርተው ሲመለሱ አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። እንዲገደሉ ባይፈቅድም፣ የግብዣን ምሳሌ የማስገደጃ ሕግ አደረገው። በ17ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ሲሳደዱ ይኸው ጥቅስ ከአውግስጢኖስ ስም ጋር ተጠቀሰባቸው፤ ፒየር ቤይል በ1686 ይህን አተረጓጎም የሚቃወም መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ። የራሱን መለኪያ በራሱ ላይ ቢያነሣ ኖሮ፣ ይህ ትርጉም የባልንጀራ ፍቅርን ፈተና ባላለፈም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደግነቱ አውግስጢኖስ መታረምን የሚያውቅ ሰው ነበር። ወደ አፍሪካ እንደ ተመለሰ ዘፍጥረትን ለማኒ ተከታዮች መልስ እንዲሆን በምሳሌ ተርጉሞ ነበር። በኋላ ግን ታሪኩን እንደ ተጻፈው ለመረዳት ዓመታት የፈጀ ሌላ ትልቅ ማብራሪያ ጻፈ። በሽምግልናውም የጻፋቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ አንሥቶ ስሕተቱን የሚያርም መጽሐፍ አዘጋጀ።

በ429 ቫንዳሎች ከስፔን ወደ አፍሪካ ተሻገሩ፤ በ430 ሂፖን ከበቡ። ሽማግሌው ጳጳስ በከበባው ውስጥ ታመመ። አብሮት የነበረውና ሕይወቱን የጻፈው ጳጳስ ፖሲዲዮስ እንደሚተርከው፣ የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ በአልጋው ፊት ለፊት በግድግዳ ላይ አሰቀለ፤ ተኝቶ እያነበባቸውም ያለቅስ ነበር። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ከሐኪሞችና ምግብ ከሚያመጡለት በቀር ማንም እንዳይገባበት ለመነ። የናቀውን መጽሐፍ ሲያነብ ኦገስት 28 ቀን 430 በሰባ አምስት ዓመቱ አረፈ።

ድሃ ስለ ነበር የንብረት ኑዛዜ አልተወም፤ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ግን አዝዞ ነበር። ከተማዪቱ በኋላ ስትቃጠል መጻሕፍቱ ተረፉ። ለካርቴጁ ዲያቆን የጻፈው መልስም ከጽሑፎቹ ጋር እስከ እኛ ደርሷል። የዴዎግራቲያስ የራሱ ደብዳቤ ግን ጠፍቷል፤ ስለ ድካሙ የምናውቀው አውግስጢኖስ በመልሱ ያነሣለትን ያህል ብቻ ነው።